የጌትነት ጊታር እስክትደርቅ

ጊታሯ ከኮኩ ዛፍ ሥር፣ በሁለት በርጩማ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። የኔታ ወልደኢየሱስ ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጓታል። አሮጌው ቀለም እየተቀረፈ ጉልበታቸው ላይ ይራገፋል። ጎረቤታቸው ሰውአገኝ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሏል።

«ቀስ ይበሉ እንጂ የኔታ» አለ፤ «ክርስትና ከተነሣች ገና ምን ያህል ጊዜዋ ነው? ለመሆኑ ስመ ክርስትናዋን ማን አሏት?»

የኔታ ቀና ሳይሉ ሳቁ። «የእሷንስ አስታውሳለሁ። አንተ ነህ የራስህን የረሳኸው» አሉት።

ሰውአገኝ ይህን ሲቀልድ የጊታሯ ባለቤት ከሞተ ሰንብቷል። ሰውአገኝ ያውቃል፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ያውቃሉ። የማያውቁት አባቱ የኔታ ናቸው።

የክርስትናው ነገር እንዲህ ነው። ጌትነት የየኔታ የመጨረሻ ልጅ ነው። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ነበር፤ ድምፁም ሸጋ ነበር። መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ሰፈሩ «የኔታ» የሚላቸው የዜማ መምህር፣ ወንበራቸውን የሚወርሰው እሱ መሆኑን ላገኙት ሰው ሁሉ ተናግረው ጨርሰው ነበር። ልጁ ግን አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ከች አለ። ከዚያ ወዲያ ሆቴል ለሆቴል ሲጫወት እያደረ ጎሕ ሲቀድ ይገባል። የኔታ ደግሞ በዚያው ሰዓት ለኪዳን ይወጣሉ። አባትና ልጅ በር ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፤ ምን እንደሚባባሉ ግን ሁለቱም አያውቁትም።

የኔታ ልጃቸውን አልተቆጡም። ልጄስ ደህና ነው፣ ነገሩ ከዕቃዋ ነው አሉ። በክረምት አንድ ቀን ጌትነት በሌለበት ጊታሯን ከግድግዳ አወረዱና በርሜል ሙሉ ጠበል ውስጥ በአንገቷ ዘቅዝቀው ነከሯት። ዳዊት እየደገሙላት እዚያው አሳደሯት። በማግሥቱ ስትወጣ ሰይጣኑ ይልቀቃት አይልቀቃት ያረጋገጠ የለም፤ ቀለሟ ግን ለቋል። እንጨቷ አብጧል፣ ብረቶቿ ዝገዋል፣ ሰማያዊው ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተነፋፍቷል። ጌትነት መጥቶ አየና በፎጣ አደራርቆ ሰቀላት። ትንሽ ቆይቶ ጁባ ውስጥ አንድ ሆቴል ሙዚቀኛ ይፈልጋል ሲሉት ጊታሯን እንደ ተሰቀለች ትቶ ሄደ።

ሰውአገኝ ታዲያ ይህን አግኝቶ ሊተው ነው? እሱ ቀለም ረጪ ነው፤ ቀሐ ወንዝ አካባቢ የብረት በር አሠርቶ ቀለሙን ለሌላ የሰጠ ሰው ካለ፣ ከሰውአገኝ ጋር የተኳረፈ መሆን አለበት። የሚታወቀው ግን ከእጁ ይልቅ በአፉ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ ጥግ ከያዘ፣ በዚያ ጥግ ያሉት ሰዎች ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መያዛቸው አይቀርም። የጊታሯን ጥምቀት ሰፈሩን አዳረሰው። የኔታን በአጥር በኩል ባያቸው ቁጥር ስለ ክርስትና ልጃቸው ደኅንነት ይጠይቃል። የኔታም መልስ አያጡም። እንዲህ ሲወራረፉ ውለው፣ ማታ አንዱ ሌላውን ሳይጠራ አይበላም።

አባትና ልጅ የታረቁት በስልክ ነው። ባለፈው ፋሲካ ጌትነት ራሱ ደወለ። የኔታ ስልክ ሲያወሩ ጁባ ድረስ በድምፃቸው የሚያደርሱት ስለሚመስላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ዕርቁን አብሮ ሰማ። ጊታርህን ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ የማድሳትም እኔው ነኝ፣ ስትመጣ አዲስ ሆና ትጠብቅሃለች አሉት። ልጁ ከወዲያ «መጀመሪያ ጠበሉን ይጭመቁላት አባዬ» ብሎ ሳቀ። ለጥምቀትም እንደሚመጣ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ሌላ ወሬ የላቸውም ነበር። መኸሩ ሲገባ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሥራው እንደሚጀመር ለሰውአገኝ አስጠንቅቀውታል።

ሰማዩ ጠራ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ያ ስልክ መጣ።

የተደወለው ለሰውአገኝ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ለአባት አይደወልም። ጌትነትም የሀገሩን ወግ ስለሚያውቅ፣ ምናልባት ብሎ ለሥራ ጓደኞቹ ሰጥቶ የነበረው የጎረቤቱን ቁጥር ነው። ሰውአገኝ የአንድ ነጋዴ በር ላይ ብርማ ቀለም እየረጨ ነበር። የደወለው ልጅ አላስረዘመውም፤ ወባ ነው፣ ሐኪም ቤት አስገብተነው ነበር፣ አልተረፈም፣ እዚያው ከሀገሩ ልጆች ጋር ቤተ ክርስቲያን ወስደን ቀበርነው አለ። ሰውአገኝ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በሩን ረጭቶ ጨረሰ። የበሩ ባለቤት መጥቶ አመሰገነው። ምን ብሎ እንደ መለሰለት አያስታውስም። ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ሽታዬ እጁን ይታጠብ ዘንድ ውኃ ስታፈስለት የሰማውን ነገራት።

ሽማግሌዎቹ የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለ ማርያም ቤት ተሰበሰቡ። ችግሩ የየኔታ ልጅ ምንዳዬ ናት። አምባ ጊዮርጊስ ያገባችው ምንዳዬ ወንድ ልጅ ወልዳ ገና አራስ ናት። አራስ መርዶ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል። ለአባቷ ነግሮ ከእሷ መደበቅ ደግሞ የማይሆን ነው፤ የየኔታ ቤት ለቅሶ ዛሬ ቢጀመር በማግሥቱ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄድ ማኪና ሁሉ ይወራል። ስለዚህ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ይቆይ ተባለ። ያ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ነው።

እስከዚያ ማን የኔታን ይጠብቃል? አቶ ኃይለ ማርያም ወደ ሰውአገኝ ዞሩ። «አንተ እንደ ልማድህ እየተረብካቸው ከአጠገባቸው አትጥፋ። ሰው ሁሉ ቢለወጥባቸው እንኳ አንተ ካልተለወጥክ አይጠረጥሩም» አሉት። ሰውአገኝ ዕድሜውን ሙሉ ቀልድህን ተው ሲባል ነው የኖረው። ቀልድ ተብሎ ሲታዘዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ የኔታ ጊታሯን በሁለት እጃቸው ታቅፈው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። «ና እንጂ፤ ጥምቀት ደረሰብን እኮ» አሉ።

እናም ጀመሩ። ሰውአገኝ በካቻቢቴ ገመዶቿንና ብረቶቿን፣ ሆዷ ውስጥ ያሉትንም ሽቦዎች ፈታቶ በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቀመ። እያንዳንዱን ቡሎን ሲፈታ የኔታ ጠፍቶ ልጃቸው እንዳይቸገር ይቆጣጠራሉ። ሁለቱም መልሶ መግጠሙን አይችሉበትም። እሱ ሲመጣ ይገጥማታል አሉ የኔታ፤ ሰውአገኝም አዎ፣ ለእሱ ምን አላት አለ። ፍግፈጋው ብዙ ቀን ፈጀ። ጠበል የገባበት እንጨት ስለሚያኮርፍ ከታች ደረቅ እስኪገኝ መውረድ ነበረባቸው። ያበጠውን ጠርበው፣ የተሰነጠቀውን በስቱኮ ሞልተው፣ እንደገና ፈግፍገው፣ በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ጠርገው የመሠረቱን ነጭ ቀለም ቀቡ። ሰውአገኝ ወደ ሱቄ ልውሰዳትና በአየር መጭመቂያው ልርጭልዎ ቢላቸው እንቢ አሉ። በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ግቢ ካልሆነ የሐሳባቸው አይደርስም። ለዚህ ነው ከአራዳ በቆርቆሮ የሚረጨውን ቀለም የገዙት።

የቀለሙ ምርጫም ወግ ነበረው። የኔታ ወይን ጠጅ ይሁን አሉ። «ምነው፣ ከታቦት ጋር ልትወጣ ነው?» አላቸው ሰውአገኝ። ብትወጣስ፣ ካንተ የተሻለች ምእመን ናት ብለው አፉን አስያዙት።

መጀመሪያ የረጩ ቀን የኔታ የቆርቆሮውን አፍ ወደ ራሳቸው አዙረው ተጫኑት። ጺማቸው ወይን ጠጅ ሆነ። አላፊ አግዳሚው በአጥር እያየ ሳቀ፤ ሽታዬ በሩ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሰውአገኝም ሳቀ። እየሳቀ ዓይኑ ሲያቀርር የቀለሙ ሽታ ነው አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ እንዴት እንደሚያዝ አሳያቸው። እጅዎ አይቁም የኔታ፣ እንደ ጽና ያወዛውዙት፣ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቀለሙ ይወርዳል አላቸው። ቅዳሴ ቤት ጽና ሲወዛወዝ እያየ ላረጀ ሰው ከዚህ የቀለለ ትምህርት የለም። እጃቸው ወዲያው ለመደ። ጊታሯን ከኮኩ ቅርንጫፍ በሽቦ አንጠልጥለው፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣና አቧራ ሳይመጣ ስስ አድርገው ይረጫሉ፤ ከዚያ ደረቀች አልደረቀች እያሉ አጠገቧ ይውላሉ።

የሚከብደው ይኸኛው ነበር። ስትደርቅ መጠበቁ። የሚፈገፈግ ወይም የሚረጭ ነገር ካለ ሰውአገኝ የሚቀልድበት አያጣም። ሥራ ሲያልቅ ግን የኔታ ስልካቸውን ያወጣሉ።

«ዛሬም ዝግ ነው ይላል።»

«ኔትወርክ ነው የኔታ። እዚህም ጠፍቶ የለ?»

«ለገናም አልደወለም።»

«ይመጣ የለ? ገንዘቡን ለምን በስልክ ይጨርስ?»

የኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው ስልኩን ኪሳቸው ይመልሱታል። ሰውአገኝ ደግሞ እንዲህ ያለውን ውሸት በዋለበት ቀን ማታ እህል አይበላም። ሽታዬ ብላ ብትለው የቀለም ሽታ አፌን ዘግቶታል ይላታል። እሷም ታውቃለች፤ መሶቡን ታነሣዋለች።

የጎረቤቱ ደግነት በዛ። እኒህ በአንድ ቁራሽ የሚውሉ ሰውዬ፣ ከዚህም ከዚያም ወጥ በሳህን ተከድኖ ይመጣላቸዋል። ተማሪዎቻቸው ሳይታዘዙ ግቢ ይጠርጋሉ። ከአጥር ወዲያ በደጃፋቸው ላይ ቆመው የነገር ክር ሲመዙ ይውሉ የነበሩ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ሰውአገኝ ይህን ሲያይ፣ እንዲህ አድርጎ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰፈር የት ይገኛል፣ አደባባይ ላይ በጡሩንባ ቢያውጁት ይሻላል ይላል ለሚስቱ። እሱ ግን የራሱን ድርሻ ተወጣ፤ ከመቼውም ይልቅ ቀለደ። ምናልባት አብዝቶትም ይሆናል።

ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ነገር አሳሰበው። ሥራው እያለቀ ነው። ወይን ጠጁ ቀለም ተስተካክሎ ይዟል፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው በላዩ የሚረጨው ቫርኒሽ ነው። ጊታሯ ካለቀች የኔታ ምን ይሠራሉ? ወንበራቸውን አውጥተው በር ላይ ይቀመጣሉ። ከአውቶብስ መናኸሪያ የሚመጣውን መንገድ እያዩ ይጠብቃሉ። ይህን ለማየት አቅም እንደሌለው ሰውአገኝ አወቀ።

ስለዚህ የመጨረሻውን ቀለም ልርጭ ብሎ ቆርቆሮውን ከየኔታ እጅ ተቀበለ። አስጠጋና አንድ ቦታ ላይ እጁን አቆመው። ቀለሙ ሰበሰበ፣ ከበደ፣ ከዚያ ከጊታሯ ትከሻ እስከ ወገቧ በወፍራም መስመር ወረደ። አንዱ ሲወርድ ሌላውን ደገመው።

«እሱ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ እንፈገፍገዋለን፤ እንደገና ነው» አለ ቆርቆሮውን እያስቀመጠ።

የኔታ የወረደውን ቀለም ብዙ ጊዜ አዩት። ሰውአገኝ ስድቡን ጠበቀ። በሩን ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የምታበላሸው የሚል ነገር ይመጣል ብሎ፣ መልሱን እንኳ አዘጋጅቶ ነበር። የኔታ ግን ገብተው እግራቸውን ታጠቡና ለዋዜማው ልብሳቸውን ያዘጋጁ ጀመር።

ጥምቀት እንደ ዓመቱ ሆነ። ከተማው በእንግዳ ተሞላ፤ ታቦታቱ ወደ ቀሐ ወረዱ፤ የኔታ ከሊቃውንቱ ጋር ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ ሰውአገኝ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ከእሳቸው ዓይኑን አልነቀለም። አንዴ ከወረቡ መሐል ቀና ብለው ከወዲያ ማዶ የተደረደረውን የወጣት መንጋ ተመለከቱ። እያንዳንዱን ፊት ያዩ ይመስላል። ከዚያ ዝቅ ብለው ዜማቸውን ቀጠሉ፤ ድምፃቸው አልተሰበረም። ሲመለሱ ሰውአገኝ ከኋላ ከኋላቸው ሄደ። ጌትነት አልመጣም፤ ስለ ጌትነት ያነሣም አልነበረም።

በዓሉ አልፎ እንግዳው ሁሉ በየመጣበት ሲመለስ፣ አንድ ጠዋት የኔታ ጠሩት። ጊታሯን ሳንቃው ላይ አጋድመዋታል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውኃና ረቂቁ ብርጭቆ ወረቀት አጠገባቸው ነው። ሰውአገኝ ከበርጩማው ጫፍ ተቀመጠ።

«ይህችን ቀለም ያወረድካት አውቀህ ነው» አሉት።

ሰውአገኝ የሚቀልደው ነገር ፈለገ። ክርስትናዋን፣ ጺማቸውን፣ ታቦቱን፣ ያገኘውን ሁሉ በልቡ አገላበጠ።

«በሮችህን አይቻለሁ፤ ቀለም የወረደበት የለም» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸውን እንደ ዝቅተኛ ዜማ አሳንሰው። «ሰው ሁሉ ወጥ ያመጣልኛል። ሽታዬ ፊቴን አታይም። አንተ ደግሞ ሳያስቅህ ትቀልዳለህ። ሰውአገኝ፣ እኔ በዚህ ከተማ በስንቱ ደጅ ጎሕ ሲቀድ ቆሜ መርዶ የተናገርኩ ሰው ነኝ። ስንቱንስ ደብቄያለሁ። እንዴት እንደሚደበቅ ከእኔ አይደለም እንዴ ያያችሁት?»

«የኔታ...»

እጃቸውን አነሡ። «ዝም በል። አልነገርከኝም። ምንዳዬ አራስ ናት፤ ልጇ ክርስትና እስኪነሣ እኔ ምንም አልሰማሁም።» ብርጭቆ ወረቀቱን አነሡ። «አንድ ነገር ብቻ። ፍትሐት ተደርጎለታል?»

ሰውአገኝ ራሱን ነቀነቀ። ተደርጎለታል ማለቱ ነው።

«እሰይ» አሉ የኔታ። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ውስጥ ነክረው ጀመሩ።

የወረደውን ቀለም ለማጥፋት ብዙ አያስፈልግም፤ ጥቂት ፈግፈግ፣ ጥቂት በጨርቅ ጠረግ ነው። የኔታ ግን አላቆሙም። መስመሩ ከጠፋ በኋላም ቀጠሉ። ወይን ጠጁ አለቀ፣ ከሥሩ ያለው ነጩ መሠረት ወጣ፣ እሱም አለቀ፣ እንጨቱ ታየ። ትከሻቸው በአንድ ዓይነት ምት ወዲያና ወዲህ ይላል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ቀለም ለበሰ፤ በጣቶቻቸው መሐል፣ በክንዳቸው ላይ ወርዶ በክርናቸው በኩል መሬት ላይ ይንጠባጠባል። በማንም ሌላ ሰው ቢሆን ሰውአገኝ በቃ፣ አበላሸኸው ይል ነበር። አላላቸውም። ውኃው ሲደፈርስ እየደፋ አዲስ ያመጣላቸው ነበር፤ ይህንኑ ሲያደርግ ረፋዱ አለፈ። የኔታ ከዓይናቸው አንድ ጠብታ አልወጣም። ሲጨርሱ ጊታሯ በግማሽ ጎኗ ራቁቷን ነበረች።

«በል እንግዲህ እንደ አዲስ ነው» አሉት።

እንደ አዲስ ጀመሩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ እየተዋሻሹ ሳይሆን አብረው እየዋሹ ዋሉ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የኔታ ስለ ጁባ ኔትወርክ ራሳቸው ያማርራሉ። ወጥ ሲመጣላቸው መርቀው ይቀበላሉ። አቶ ኃይለ ማርያም በመንገድ ሰውአገኝን አግኝተው፣ ጥሩ ይዘሃቸዋል፣ ጭራሽ አልጠረጠሩም ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሰውአገኝ ያን ቀን እንደ ሰረቀ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ለሽታዬ እንኳ አልነገራትም። ሰውዬው ሀዘናቸውን አደራ የሰጡት ለእሱ ብቻ ነው፤ ያችን እንዴት አውጥቶ ለሌላ ይሰጣል?

የክርስትናው ዕለት የኔታና ሰውአገኝ በማለዳ ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ሄዱ። ወገራ ላይ ውርጭ አድሮ ነበር፤ ሜዳው ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ሕፃኑ ተጠመቀ። አያትየው አቅፈው አወጡት፤ ቤት ሲገቡም ለእናቲቱ ምርቃቱን አወረዱት፤ የሙሽራ ቤት ይመስል ዜማ አወጡ። ሰው ሁሉ፣ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይተናቸው አናውቅም አለ። ምንዳዬ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ልጇን አስጠግታ፣ ጌትነት ምነው ለጥምቀት ሳይመጣ ቀረ ብላ ጠየቀች።

«ፈቃድ ከለከሉት» አሉ የኔታ።

ሰውአገኝ ብርሌውን አስቀመጠ። ለገዛ ልጃቸው ሲዋሹ ሰምቶ አያውቅም። የኔታ ደግሞ ልጃቸውን ፊት ለፊት እያዩ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ፣ ቀጥለውም ጊታሯን እንዴት እያደሱለት እንደ ሆነ አጫወቷት። ቀለሙን፣ ጺማቸው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ምንዳዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሕፃኑ ከጡቷ ላይ ነቃ። እኔም ከናንተ ጋር ልውረድና ሁለት ሦስት ቀን ልሰንብት፣ ደግሞም ጊታሯን ልይ አለች። የልጅቱ ባል በሽማግሌዎቹ በኩል ሰምቶ ያውቅ ስለ ነበር፣ ደግ ነው፣ ሂጂ አላት።

ሲመለሱ ምንዳዬ ከኋላ ልጇን ታቅፋ ስታንቀላፋ፣ የኔታ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰውአገኝን ጠየቁት። ቫርኒሹ ስንት ጊዜ ነው የሚረጨው አሉ። ስስ እየተደረገ እስከ ተፈለገው ድረስ ነው አላቸው። እንግዲያስ ብዙ ጊዜ እንርጨው አሉ።

ያለውን ቫርኒሽ ሁሉ ረጩት። በመጨረሻው ዕለት ጊታሯ ከኮኩ ላይ ተንጠልጥላ ስታበራ አንዲት ትንሽ ዝንብ መጥታ ከእርጥቡ ላይ አረፈችና ተጣበቀች። ሰውአገኝ ይድረቅና በረቂቅ ወረቀት አነሣታለሁ ሲል የኔታ ቀድመው በጣታቸው ሊያነሷት ሞከሩ። ዝንቧ ተነሣች። የአውራ ጣታቸው አሻራ ግን ከነመስመሩ ቀረ።

ሰውአገኝ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይኸው ፈረሙባት። እንግዲህ ከጠፋች ፍርድ ቤት የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት» አለ።

የኔታ ሳቁ። ሰውአገኝም ሳቀ። ያንን ስልክ ካነሣ ወዲህ ሳይታዘዝ የቀለደው ይህን ብቻ ነበር። ምንዳዬ ከቤት ውስጥ ሆና ምን ያስቃችኋል አለች። አሻራውን ልፈግፍገው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ተዋት፣ እንደዚያው ትድረቅ አሉ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ኮቴያቸውን አቅልለው፣ አቶ ኃይለ ማርያም ከፊት፣ ሴቶቹ ከሽታዬ ጋር ከኋላ። ሴቶቹ ምንዳዬ ወደ ተኛችበት ክፍል አለፉ። ወንዶቹ በየኔታ በር ቆሙ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የኔታ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ጨርሰው ነበር። ሌሊቱን ሳይተኙ እንዳደሩ ያየ ሰው ያውቃል፤ አቶ ኃይለ ማርያም ግን አላዩም፤ የሚናገሩትን በልባቸው እየደገሙ ነበር።

ወጉን ጀመሩ። ምድር የማንም እንዳልሆነች፣ አዳምም መመለሱ እንደማይቀር፣ ሁሉንም ከሩቅ ከሩቅ እያሉ ተናገሩ። የመጨረሻዋን ቃል እንዲናገር ወደ ተመደበው ሰው ዞሩ። የተመደበው ሰውአገኝ ነው፤ ከሁሉ የቀረቧቸው አንተ ነህ ተብሎ ነው። ሰውአገኝ ወደ ፊት ቀረበ። አፉን ከፈተ። ስንቱን የተረበበት፣ ስንቱን መሳቂያ ያደረገበት አፍ ተከፍቶ ቀረ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ እሷንም እሳቸው ያውቋታል። ከኋላው አንዱ ሽማግሌ ሳል አለ።

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን ያዙት። ጥፍራቸው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም አለ። ፊታቸውን ወደ ጆሮው አስጠጉና ሌሎቹ እንዳይሰሙ አድርገው ተናገሩት።

«በል ተናገር ልጄ። ደክሞኛል።»

ሰውአገኝም ተናገረ።